ሙሽራዋ የተባለችው ዱቄት

ምራቴ ቀጭን የመስታወት ቱቦ በሁለት እጇ ይዛ የጋዝ እሳት ላይ ታሽከረክራለች። መስታወቱ መሃሉ ላይ ቀልቶ ሲለሰልስ ከእሳቱ ታወጣውና ግራና ቀኝ ሳብ ታደርገዋለች። ያን ጊዜ ከጸጉር የቀጠነ ክር ሆኖ ይመዘዛል። ለሚያያት ጥጥ የምትፈትል እንጂ መስታወት የምትስብ አትመስልም። ክሩን ትሰባብረውና አንዱን ስባሪ አንስታ ጫፉን ብልቃጥ ውስጥ ካለው ፈሳሽ ታስነካዋለች፤ ፈሳሹ በገዛ ራሱ ሽቅብ ይወጣል። ከዚያ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ከጣት የማትበልጥ ነጭ ሰሌዳ ላይ ነጥብ ታሳርፋለች። እንደገና ነጥብ። እንደገና ነጥብ። ሰሌዳዋን ጥቂት ፈሳሽ ያለበት ክዳናም ብርጭቆ ውስጥ ታቆማትና ፈሳሹ ነጥቦቹን ይዞ ወደ ላይ ሲጓዝ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። የተደባለቀው ሁሉ እንደየፍጥነቱ ይለያያል፤ ፈጣኑ ይቀድማል፣ ሰነፉ ይቀራል።

ይህን ያየሁት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጉልበቴን ሊያዩኝ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጋር የሚዋሰነው ሐኪም ቤት ሄጄ፣ ልጄ መጥቶ እስኪወስደኝ ድረስ ምራቴ ላቦራቶሪዋ ወስዳ አስቀመጠችኝ። ያለው ወንበር ሁሉ እንደ መሰላል የረዘመ ነው። አብሯት የሚሠራው ወጣት ጉልበቴን አይቶ የፕሮፌሰሩን የራሳቸውን ወንበር ከቢሯቸው እየገፋ አመጣልኝ። ፕሮፌሰሩ ሲገቡ ወንበራቸው ላይ ተመቻችቼ አገኙኝ። ልነሳ ስንደፋደፍ በእጃቸው ከለከሉኝና፣ እሳቸውም ከእንግዲህ ብዙ እንደማይቀመጡበት፣ ጡረታቸው እንደደረሰ ነገሩኝ።

እኔ የልጅ ልጄ ስትወለድ ለአራስ ጥየቃ መጥቼ በዚያው የቀረሁ ሰው ነኝ። ፊደልም የቆጠርኩት ከእሷ እኩል፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው ይባላል። እኛ ቤት እሳቱን ምራቴ ላቦራቶሪ ትታው ስለምትመጣ ነው መሰለኝ እስካሁን አልነደድንም።

ሥራዋ ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። ኦርጋኒክ የሚሏቸውን፣ ከካርቦን የተሠሩትን ነገሮች እያገጣጠመች ከዚህ በፊት ያልነበረ ዱቄት ትሠራለች። “ያልነበረ” ስትለኝ ደነገጥኩ፤ ያልነበረውን የሚያመጣ አንድ ፈጣሪ ብቻ ነው አልኳት።

“እማማ፣ ጡቡ የእሱ ነው” አለችኝ። “እኛ ግድግዳውን ነው የምንደረድረው።”

ከዱቄቶቹ የምትፈልገው እንዲያበሩላት ነው። ለዐይን የማይታይ ብርሃን የሚተፋ መብራት አለ፤ አልትራቫዮሌት ይሉታል። ያንን ስታበራበት ዱቄቱ የማይታየውን ብርሃን ተቀብሎ፣ ጥቂት ለራሱ አስቀርቶ፣ የሚታይ ብርሃን ይመልሳል። እንደ ደላላ ነው ማለት ነው አልኳት፤ ሳቋ መጣ፣ ግን አልተሳሳትሽም አለችኝ። ብርቱ ብርሃን የሚመልስ ዱቄት ከተገኘ ሐኪሞች ከታማሚ በተወሰደ ሥጋ ላይ ጠብ አድርገው፣ የታመመውን ክፍል ከጤነኛው ለይተው በማጉያ መነጽር ያዩበታል። የደከመ ብርሃን ግን አይረባም። ድካሟ ሁሉ ብርቱውን ለማግኘት ነበር።

ዱቄቶቿን በቁጥር ነበር የምትጠራቸው። ስንቱ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ ተደፍቷል፤ ለወግ የበቁት ስድስት ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ የሚሞት ፍም ያህል ነው የሚያበሩት። ሰባተኛዋ ስትመጣ ግን ነገር ተለወጠ። መለኪያ መሣሪያው ላይ የሚነሳው መስመር ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ተራራ ሆነ። ያ ወንበር የገፋልኝ ወጣት በዚያው ቀን “ሙሽራዋ” ብሎ ስም አወጣላት። ጠዋት ሲገባ “ሙሽራዋ እንዴት አደረች?” ይላል አሉ። ሙሽራ ያለ ሚዜ አይሆንም ብለው እነሱም እሱን “ሚዜው” አሉት። የልጅ ልጄ ይህንን ሰምታ ትምህርት ቤት የእናቷን ሥራ ሲጠይቋት “ሙሽራ ትሠራለች” ብላ መልሳ መጥታለች።

በዚያ ቅዳሜ ሙሽራዋን አሳዩኝ። በጥቁር ሳጥን ቀዳዳ ዐይኔን አስጠግቼ ስመለከት ብልቃጡ ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን ተቀምጧል። አይነድም፣ አይጨስም፣ አይንቀሳቀስም። ብዙ እሳት አይቻለሁ፤ እሳት የሌለው ብርሃን ግን ያን ቀን ነው ያየሁት። ዐይኔን ሳነሳ ምራቴ ፊቴን ነበር የምታየው፤ አራስ ልጇን ለሰው አሳይታ “ማንን ትመስላለች ይሉኝ ይሆን?” ብላ እንደምትጠብቅ እናት።

ፕሮፌሰሩ ሙሽራዋን ይዘው ትልቅ ጉባኤ ላይ ተናገሩ። ጽሑፍ ተጻፈ፣ አንድ የሳይንስ መጽሔትም ተቀብሎት ሊያትመው ነው። ምራቴ የዓመታት ሥራዋን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን ተቆረጠ። ካለፈች ትመረቃለች፤ ከተመረቀች እዚያው መምህር ሆና ልትቀጠር ቃል ተገብቶላታል። ልጄ የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ እየተማረች የቤቱን ሸክም ብቻውን ተሸክሞ ኖሯል። ቀኑ ሲቆረጥ ሱፍ አስለካ። ለዘመድ ሁሉ ደውሎ ነገረ። እኔም ለማውቀው ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ምን ልዋሽ።

ከዚያ አንድ ፍላስክ ተሰበረ።

ፍላስክ ማለት አንገቱ የረዘመ፣ ሆዱ የሰፋ የመስታወት ዕቃ ነው። ምራቴ ለፈታኞቹ የመጨረሻውን ልኬት ልትወስድ ስትል አሮጌው ከእጇ አመለጠ። ከዕቃ ክፍል አዲስ ከነካርቶኑ አወጣች፣ በተጣራ ውሃ አለቀለቀችው፣ ሙሽራዋን አሟሙታ ለካች። ተራራው የለም። ትንሽ ጉብታ ብቻ። መብራቱ አርጅቶ ይሆናል ብላ ለወጠች፤ ያው ነው። ከዚያ ያልታሰባትን አሰበች። ከአሮጌዎቹ ፍላስኮች አንዱን አነሳች። ሙሽራዋን ሳትጨምር ማሟሚያውን ፈሳሽ ብቻ፣ ባዶውን፣ ቀዳችበትና ለካችው።

ባዶው በራ።

ያን ቀን ፀሐይ አናት ላይ እያለች ቤት መጣች። በዚያ ሰዓት መጥታ አታውቅም። እኔ ከገመድ ያወረድኩትን ልብስ እያጠፍኩ ነበር። ሰላም እንኳ ሳትለኝ ልብስ የምናጥብበት የዱቄት ሳሙና የት እንዳለ ጠየቀችኝ። ካርቶኑን አገላብጣ አየችውና “እሱው ነው” አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለካርቶኑ። ከቦርሳዋ የእጅ መብራት አወጣች፣ ያጠፍኩትን ልብስ በሙሉ አቅፋ መኝታ ቤት ገባች፣ መጋረጃውን ዘግታ በላዩ ብርድ ልብስ ሰቀለችበት። ለእኔ ዐይን የሚከላከል መነጽር አደረገችልኝ። መብራቱን አበራችው።

የልጄ ሸሚዝ በራ። የትራሱ ልብስ በራ። የልጅቱ የትምህርት ቤት ካልሲ፣ የእኔ ሻሽ ሳይቀር፣ ሁሉም ሰማያዊ ሆነው ጨለማው ውስጥ ተንሳፈፉ። ከሳሙናው ቆንጥራ የስኒ ማስቀመጫ ላይ በተነችው፤ እሱማ የኮከብ መንጋ ሆነ። ያ ብርሃን በጥቁሩ ሳጥን ቀዳዳ ያየሁት ብርሃን ነበር። መሳቅ ጀመረች። ሳቁ ከየት እንደታጠፈ አላውቅም፤ ሳየው ልቅሶ ሆኗል።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሳሙና የሚሠሩት ሰዎች ያረጀ ልብስ ነጭ መስሎ እንዲታይ የሚያበራ ነገር ይጨምሩበታል፤ የፀሐይን የማይታይ ብርሃን ተቀብሎ ሰማያዊ ይመልሳል። የሙሽራዋ ሙያ ነው እንግዲህ፣ ያውም ከእሷ የበረታ። ሰባተኛዋ በተሠራችበት ሰሞን የላቦራቶሪው ሳሙና አልቆ ነበር። ሚዜው ሥራ እንዳይቆም ብሎ ሱቅ ወርዶ ይህንን ገዛ። የቧንቧው ውሃ ደግሞ በዚያ ሰሞን እየተንጠባጠበ ነበርና ፍላስኩን ቶሎ ለቅለቅ አድርገው ነው የሚደፉት።

“ባዶውን ሳትለኪ ነው እንዴ የምትለኪው?” አልኳት፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ ባዶው እንደሚለካ ነግራኝ ነበርና።

“ለካሁት እንጂ፣ እማማ። ግን በቀጥታ ከጠርሙሱ ወደ መለኪያዋ ዕቃ ነበር የምቀዳው። መለኪያዋን ሳሙና አስነክተናት አናውቅም። ሙሽራዋ ግን በሳሙና በታጠበው ፍላስክ ነው የምታልፈው።” ማስቀመጫው ላይ ያለውን ሳሙና በጣቷ ነካ አድርጋ “ባዶውን በእሷ መንገድ አላሳለፍኩትም” አለችኝ።

ልጄ በሩን ሲከፍት እናቱና ሚስቱ በጠራራ ፀሐይ ጨለማ ውስጥ ልብስ ከበው ተቀምጠዋል። እሱ ስንት ቤት ሽቦ ሲጎትት ሲውል ሸሚዙ እቤት በነጻ ይበራል እያለ ቀለደ። ቀልዱ መሬት ወደቀ። ነገሩን ሲሰማ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ለማን እንደነገረች ጠየቃት። ለእናንተ ብቻ አለችው።

“ታዲያ ፍላስኮቹን አጥበሽ፣ ዝም ብለሽ፣ ከተመረቅሽ በኋላ ብታስተካክይው ምን ይላል? ማን ያውቃል?”

ልጄ ክፉ ሰው አይደለም። ሲደክማት ያየው እሱ ነው። እኔም እናት ነኝና፣ የተለካውን ሱፍ አስቤ፣ ለእሱ ላደላለት ከጅሎኝ ነበር። ምራቴ ልብሱን እንደገና እያጠፈች ነበር የመለሰችለት።

“ጽሑፉ ከወጣ የሆነ አገር አንድ ሰው አንብቦ ይሠራታል። አትበራለትም። ያን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ነው የሚመስለው። ሌላ ይሞክራል፣ ሌላ ይሞክራል፣ ዓመቱ ያልቃል።” ሸሚዙን አልጋው ላይ አኖረችው። “እኔ እንዲህ ያለቀብኝ ዓመት አለ። የማን ስህተት እንደነበር እስካሁን አላውቅም።”

ልጄ ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ አወረደና ብርሃን ገባ።

በማግስቱ ለፕሮፌሰሩ ነገረቻቸው። የሆነውን እሷ ናት የነገረችኝ፤ እኔ እንደሰማሁት እጽፋለሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሌላ ማን እንደሚያውቅ ጠየቋት። “ባሌና አማቴ” ስትላቸው ሳይወዱ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ኮስተር አለ። ስለ ሙሽራዋ ጉባኤ ላይ ተናግረዋል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከጡረታ በፊት የመጨረሻ ሥራቸው ናት። ምናልባት የተሳሳተው አዲሱ ፍላስክ እንደሆነስ አሏት። እንደገና ለክቼዋለሁ አለቻቸው። በይ ሂጂ አሏት።

ከዚያ በኋላ ቀናት አለፉ፤ ፕሮፌሰሩ በኮሪደሩ ሲያገኟት ግድግዳውን እያዩ ነው የሚያልፉት። ምራቴ ማታ ማታ እንጀራ ፍለጋ ሌላ ሥራ ማሰብ ጀምራ ነበር፤ ሳያባርሩሽ አትሽሺ አልኳት፤ ይህን ብቻ ነው ያልኳት። አንድ ጠዋት ስትገባ ፕሮፌሰሩን መታጠቢያው ጋ አገኘቻቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የጎማ ጓንት አጥልቀው፣ ፍላስክ ያጥባሉ። የመምህር ወግ ትተው እንደ ጀማሪ ተማሪ ሆነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ እሷ እያቀበለች እሳቸው ለኩ። በደንብ በተለቀለቀው ፍላስክ ተራራው ወረደ። ከሳሙና ባልጠራው ግን ባዶው ሳይቀር ተራራ ሆነ። ፕሮፌሰሩ መስመሩን ረጅም ጊዜ አይተው፦

“ለካ በሰው ወርቅ ስትደምቅ ነው የከረመችው” አሉ። ጓንታቸውን እያወለቁ ደግሞ፣ “ስለ ባዶው እኔ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር። ደስታው አሳወረኝ” አሏት።

ጽሑፉ እንዳይታተም ለመጽሔቱ የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ጉባኤው ላይ ለሰሟቸውም እንዲሁ። የፈታኞቹ ቀን ተሰረዘ። ሌላ ቀን አልተቆረጠም።

ሚዜው ቅዳሜ ብርቱካን በከረጢት ይዞ ቤታችን መጣ። ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም አለ። በር ላይ ቆሞ መሬት መሬት እያየ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ እንዲህ ይሆናል ብዬ አልነበረም እያለ ይንተባተባል። ያ ቀልደኛ ልጅ ድምፁ ጠፍቷል።

“የገዛኸው አንተ” አለችው ምራቴ፣ “ደህና አድርጌ ያላለቀለቅኩት እኔ። ያልጠየቁን ደግሞ ፕሮፌሰሩ። ለሦስት ተካፍለነዋል፤ ለአንድ ሰው አይበዛም። ና ግባና ብላ።”

ገብቶ በላ። ሲበላ ቀልዱ ቀስ በቀስ ተመለሰ። ሙሽራዋ እንግዲህ ተፈታች ወይ ብሎ ጠየቀ፤ አልተፈታችም፣ ጌጧን አወለቀች እንጂ አለችው።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ ረጅም ነው፤ የሚወራለትም አይደለም። ፍላስኮቹ ሁሉ በአሲድ ተዘፈዘፉ፣ ታጠቡ፣ ተለቀለቁ። ሰባቱም ዱቄቶች እንደ አዲስ ተለኩ፤ በእያንዳንዱ ልኬት ፊት ባዶው በዚያው ፍላስክ፣ በዚያው መንገድ ያልፋል። አዲስ የሚገቡ ተማሪዎች አንድ ነገር አገኘን ብለው ሲሮጡ ይመጣሉ፤ ምራቴ መጀመሪያ የምትጠይቃቸው ባዶውን ነው አሉ። ሙሽራዋ ጌጧን አውልቃ ስትለካ መካከለኛ ሆነች። አትጠላም፣ ግን ሐኪም የሚያይባት አይደለችም። አሁን ምራቴ ከሙሽራዋ አንዷን ጡብ አውጥታ በሌላ እየተካች ነው። የምትበራ ትሁን የማትበራ እስካሁን አይታወቅም። ትበራለች ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር።

የምረቃው ቀን ያለ እሷ አለፈ። ሚዜው ስለተመረቀ ልታጨበጭብለት ሄደች፤ እኔንና ልጄንም ይዛን ሄደች። ልጄ ሱፉን አልለበሰም። ሚዜው ስሙ ሲጠራ ከሁሉ በላይ የጮኸችው ምራቴ ናት። ሰልፉ ሲበተን ግን ሰው መጣባት። የክፍል ጓደኞቿ፣ የጓደኞቿ እናቶች፣ የሩቅ ዘመድ፣ በስልክ የነገርናቸው ሁሉ። እያንዳንዱ እጇን ይዞ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃታል። ለእያንዳንዱ በፈገግታ ትመልሳለች። “ገና ነው።” “ትንሽ ይቀረኛል።” “እግዜር ያውቃል።” አጠገቧ ሆኜ አይቻታለሁ። ጥያቄው በመጣ ቁጥር ፈገግታው ይቀጥናል። ቤት ስንገባ ጫማዋን ሳታወልቅ የመግቢያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የልጅ ልጄ መጥታ ጭኗ ላይ ወጣች። ጫማዋን እኔ ፈታሁላት፤ እምቢ አላለችኝም።

ጠያቂዎቹ ክፉዎች አልነበሩም። እኔም የሌላ ሰው ልጅ ሳገኝ ብዙ ጊዜ እንዲሁ ጠይቄያለሁ። ይህን ሁሉ መጻፌም ለዚህ ነው። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ምራቴን፣ ወይም እንደ ምራቴ ያለችውን፣ መንገድ ላይ ስታገኙ “መቼ ነው የምትመረቂው?” አትበሏት። ሰላም ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። መጠየቅ ካማራችሁ ግን፣ ዛሬ ምን ለካሽ በሏት፤ ደግሞም እስክትጨርስ ስሟት።